«ጌት» ማለት «አገኘ» ብቻ አይደለም

ረቡዕ ማታ ነበር። ከሥራ ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ፊቷን በትራስ ሸፍና ሶፋው ላይ ተኝታ አገኘኋት። «ምን ሆንሽ?» ብላት መልስ የለም። አጠገቧ የተጣለውን ደብተር አንሥቼ ገለጥኩት። አሥር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች፣ ከሥራቸው የእሷ የአማርኛ ትርጉም፣ ከጎናቸው ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ የተደረደሩ ስምንት ኤክሶች። ከአሥር ሁለት!

አሥሩም ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አንድ ግሥ አለ፦ «ጌት»። ልጄ ገና ትንሽ ሳለች «ጌት ማለት አገኘ» ብላ ሸምድዳለች። አሥሩንም በር በዚያው በአንድ ቁልፍ ለመክፈት ሞከረች። «አጎቴን ጉንፋን ያዘው» መሆን የነበረበት «አጎቴ ቅዝቃዜ አገኘ» ሆኗል። «እየመሸ ነው» የሚለው «ጨለማ እያገኘ ነው» ተብሏል። «ተጋቡ» ለማለት «የተጋቡ አገኙ»። እናት ጠዋት ልጇን የምትቀሰቅስበት «ጌት አፕ» ደግሞ «ወደ ላይ አግኝ» ተብሎ ቁጭ ብሏል። ትክክል የሆኑት «ደብዳቤ አገኘሁ» እና «ሽልማት አገኘች» ብቻ ናቸው።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ልጄ ግን ከትራሱ ሥር ቀና ብላ፣ «የአማርኛ ጥፋት ነው!» አለች። «አማርኛ እኮ ቃል የለውም። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ሁሉን ይላል።»

የባለቤቴ እናት፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው፣ በር አጠገብ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት፤ ምንም ሳይናገሩ ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

እኔን የከነከነኝ ከአሥር ሁለቱ አይደለም፤ ያ ዝምታ ነው። ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አማርኛ ሲያወራ የተገኘ ልጅ ስሙ ተጽፎ አንድ ብር ይከፍላል። እኛም ወላጆቹ «እንግሊዝኛቸው እንዲጠነክር ነው» ብለን ተስማምተን ፈርመናል። ዓመቱ ሲጋመስ ታዲያ ልጄ ለአያቷ የምትሰጠው መልስ «የስ» እና «ኖ» ሆኖ ቀረ። እቴቴም ማታ ማታ የሚነግሯትን ተረት ተዉት። ማንም ማንንም አልተቆጣም፤ ግን አንድ ነገር ከቤታችን እየወጣ ነበር።

ያን ማታ እራት ከቀረበ በኋላ፣ «ነይ እስቲ ይህን ጌት የሚሉትን ቃል አብረን እንመርምረው» አልኳት። ምርመራው የአንድ ማታ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ መጨረሻው ላይ ያገኘነውም የጠበቅነው አልነበረም።

ትንንሾቹ ቃላት ናቸው ትልልቆቹ

ቋንቋ ለሚማር ሰው አስቸጋሪዎቹ ረጃጅሞቹ ቃላት ይመስላሉ። እውነቱ ሌላ ነው። «ፎቶሲንተሲስ» አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ አንዴ ከገባህ ገባህ። የሚያስቸግሩት ልጆች በሦስተኛው ወር የሚማሯቸው አጫጭሮቹ ግሦች ናቸው። ብዙ የሚሠራ መሣሪያ ብዙ እጅ እንደሚነካው፣ ብዙ ጊዜ የሚነገር ቃልም ብዙ ትርጉም ይሸከማል።

ታላቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የመጀመሪያው ክፍል ታትሞ፣ ሥራው ተጠናቆ የወጣው በ1928 ነው። በ1989 በታተመው ሁለተኛ እትም ረጅሙን ቦታ የወሰደው ማንም የማያስበው ትንሽ ግሥ ነው፤ «ማስቀመጥ» ተብሎ የሚተረጎመው «ሴት»። ቆይቶ አዘጋጆቹ መዝገቡን እንደ አዲስ ሲከልሱ ደግሞ «መሮጥ» የምንለው «ራን» በለጠው፤ ግሡ ብቻ 645 ትርጉም ተቆጠረለት። ሰው ይሮጣል፣ ውኃም ይሮጣል፣ ሞተርም፣ ድርጅትም፣ ለምርጫ የሚወዳደር ሰውም በእንግሊዝኛ ሁሉም «ይሮጣል»።

«ጌት» ከእነዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። መቀበል፣ መግዛት፣ መድረስ፣ መሆን፣ መረዳት፣ መታመም፣ ማስደረግ፣ መነሣት፣ መውረድ፤ ሁሉም በእሱ ይነገራል። በእንግሊዝ አገር ሳይቀር መምህራን ተማሪዎቻቸውን «ድርሰት ስትጽፉ ጌትን አታብዙ፤ ትክክለኛውን ቃል ፈልጉ» እያሉ ይመክራሉ። ስለዚህ ልጄ የተደናቀፈችው ባለቋንቋዎቹም በሚጠነቀቁበት ድንጋይ ነው። ይህን ስነግራት ፊቷ ትንሽ ፈካ።

ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ

ከዚያ የቃሉን ትውልድ ፈለግን። «ጌት» ጥንት የእንግሊዞቹ አልነበረም!

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ793 ከስካንዲኔቪያ የመጡ የባሕር ወራሪዎች፣ ቫይኪንጎች፣ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለውን የሊንዲስፋርን ገዳም ዘረፉ። መጀመሪያ መጥተው ዘርፈው የሚሄዱ ነበሩ። በ865 ግን ትልቅ ጦር ይዘው መጡና ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። የዌሴክሱ ንጉሥ አልፍሬድ በ878 ኤዲንግተን በተባለ ቦታ ድል ቢያደርጋቸውም ከአገሩ ሊያስወጣቸው አልቻለም። በስምምነት ድንበር ተሰመረ፤ ሰሜኑና ምሥራቁ በዴንማርኮች ሕግ የሚተዳደር ሆነ። በ1016 እንዲያውም ክኑት የሚባል የዴንማርክ ልዑል በእንግሊዝ ላይ ነገሠ።

ጦርነቱን የታሪክ መጻሕፍት ይተርኩታል። ለቋንቋ ዋናው ግን ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። ወራሪው ገበሬ ሆነ። መሬት ያዘ፣ ከአገሬው ተጋባ፣ ገበያ ወጣ፣ ላም ሸጠ። የሁለቱ ሕዝቦች ቋንቋ የቅርብ ዘመዳሞች ስለነበሩ እየተሰባበረም ቢሆን ይግባቡ ነበር። ልጆቻቸው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል አደጉ። በዚህ መሐል የሰሜኖቹ ቃላት በጓዳ በር ገቡ። ዛሬ ልጆቻችን በመጀመሪያው ዓመት የሚማሩት «ኤግ» (እንቁላል)፣ «ናይፍ» (ቢላዋ)፣ «ስካይ» (ሰማይ)፣ «ቴክ» (ውሰድ)፣ «ሀዝባንድ» (ባል)፣ «ዜይ» (እነሱ) የሚሉት ሁሉ ከእነዚያ ሰፋሪዎች የተወሰዱ ናቸው። «ዊንዶው» የሚለው በሰሜኖቹ ቋንቋ «የነፋስ ዓይን» ማለት ነበር። የእግር ኳስ ወዳጆች የሚያውቋቸው ደርቢ እና ግሪምስቢ የሚባሉት ከተሞችም ስማቸው መጨረሻ ላይ ያለው «ቢ» በዚያው ቋንቋ «መንደር» ማለት ነው።

«ጌት»ም በዚሁ መንገድ መጣ። በጥንቱ የሰሜን ቋንቋ ቃሉ «ጌታ» ነበር። ይህን ስነግራት ልጄ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች፤ «እንደኛ ጌታ?» አይደለም፤ ድምፃቸው ተገጣጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የእነሱ «ጌታ» «አገኘ፣ በእጁ አስገባ» ማለት ነው። በአይስላንድ ዛሬም ይነገራል፤ እዚያ «ቻለ» የሚል ትርጉም አለው።

እንግሊዞቹ ራሳቸው የዚህ ቃል ዘመድ ነበራቸው፤ ግን ብቻውን አይቆምም፣ ከሌላ ቃል ጋር ተጣብቆ ብቻ ይነገር ነበር። «መርሳት» የሚባለው «ፎርጌት» ያን ጊዜም ነበረ። ስሜቱ «ከያዙት መልቀቅ፣ ከእጅ ማጣት» ዓይነት ነው። ቃሉ እንግዳ መሆኑን የሚያሳብቀውም ድምፁ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ «ገ» ወደ «የ» ይለሰልስ ነበር። ጀርመኖች «ትናንት»ን «ጌስተርን» ሲሉ እንግሊዞች «የስተርዴይ» የሚሉት ለዚህ ነው። በዚህ ሕግ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ልጆቻችን «ጌት» ሳይሆን «የት» ዓይነት ነገር በተማሩ ነበር። ጠንካራዋን «ገ» ያቆዩት ሰሜኖቹ ናቸው።

እንቁላል የፈለገው ነጋዴ

እዚህ ላይ ልጄን በጣም ያሳቃት አንድ ታሪክ አለ። የማተሚያ ሥራን በ1476 ወደ እንግሊዝ ያስገባው ዊልያም ካክስተን፣ በ1490 ገደማ ባሳተመው አንድ መጽሐፍ መግቢያ ላይ የጻፈው ነው።

ነጋዴዎች በመርከብ ከቴምስ ወንዝ ተነሥተው ወደ ባሕር ማዶ ሊሄዱ ሲሉ ነፋስ ጠፋ። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱና አንደኛው ወደ አንዲት ሴት ቤት ሄዶ ምግብ፣ በተለይም «ኤግ» እንድትሸጥለት ጠየቃት። ሴትዮዋ «እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም» ብላ መለሰች። ነጋዴው ተናደደ፤ እሱም ፈረንሳይኛ አይችልማ! የተናገረው እንግሊዝኛ ነው። ሌላው ጓደኛው «ኤይረን» ነው የሚፈልገው ሲላት ያን ጊዜ ገባት። «ኤይረን» የደቡቦቹ የድሮ ቃል ነው፤ «ኤግ» ከሰሜኖቹ የመጣው። ካክስተን እንግዲህ አታሚ ነውና የትኛውን ልጻፍ ብሎ ይጨነቃል።

አስቡት፤ በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ እንቁላል! ዛሬ ዓለም የሚፈራው፣ ልጆቻችን ሲሳሳቱበት የሚቀጡበት እንግሊዝኛ ራሱ ከመቶ ዓመታት መቀላቀልና መሳሳት የተሠራ ነው። ከሰሜኖቹ ወሰደ፣ ከ1066 በኋላ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች ወሰደ፣ ከላቲን ወሰደ። ያሳደገው መበደሩ ነው እንጂ ንጽሕናው አይደለም።

አንዱ ትርጉም ሌላውን እንዴት ወለደ?

የ«ጌት» ትርጉሞች ከሰማይ የዘነቡ አይደሉም፤ እንደ ዘር ሐረግ አንዱ ከአንዱ ይወለዳል። መነሻው «በእጅ ማስገባት» ነው፤ ደብዳቤ፣ ገንዘብ፣ ሽልማት።

ከዚያ እጅ በእግር ተተካ። ዕቃን ማግኘት ወደ ቦታን ማግኘት ተሻገረ፤ «ቤት ጌት» ማለት ቤት መድረስ ሆነ። ቀጥሎ ቦታው በሁኔታ ተተካ። ሰው ቤት እንደሚደርስ ሁሉ ድካም ላይም ይደርሳል፣ እርጅና ላይም ይደርሳል፤ ስለዚህ መድከምም፣ መርጠብም፣ መምሸትም «ጌት» ሆኑ። ይህ «መሆን» የሚለው ትርጉም የመጣው ዘግይቶ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያም ሰው በራሱ ላይ የሚደርስበትን ነገር ሁሉ መሸከም ጀመረ፤ ማግባት፣ መባረር፣ መጎዳት። «ገባኝ» ለማለት እንግሊዞች «አይ ጎት ኢት» የሚሉት ደግሞ ከታናናሾቹ ትርጉሞች አንዱ ነው፤ እጅ ሳይሆን አእምሮ ያዘ ማለት ነው።

ልጆችን የሚያደናግር ሌላም ነገር አለ። ትምህርት ቤት ያለፈውን ጊዜ «ጎት» ብለው ይማራሉ። አሜሪካ ያለችው አክስት ስትደውል ደግሞ «ጎትን» ትላለች። የትኛው ትክክል ነው? ሁለቱም። «ጎትን» የቆየው ነው፤ እንግሊዞች ሲተዉት አሜሪካኖች ይዘውት ቀሩ። እንግሊዞቹም ቢሆኑ «ተረሳ» ለማለት እስከ ዛሬ «ፎርጎትን» ይላሉ። ስለዚህ ቪዲዮ አይታ «ጎትን» ያለችን ልጅ ከማረም በፊት ከየት እንደሰማችው መጠየቅ ይሻላል።

የቃሉ ሥር ወደ ኋላ ሲጎተት ደግሞ እኛም ሠፈር ይደርሳል። የቋንቋ ታሪክ ተመራማሪዎች «ጌት»ን ከላቲኑ «ፕሬሄንዴሬ» ጋር ያዛምዱታል፤ «ጨበጠ፣ ያዘ» ማለት ነው። ከዚህ የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ዞረው እንግሊዝኛ የገቡ ልጆች ብዙ ናቸው። ሰው ተይዞ የሚገባበት «ፕሪዝን» አንዱ ነው። በልደት ቀን ሳናስበው የሚይዘን «ሰርፕራይዝ» ሌላው ነው። በየቀበሌው ታፔላ ላይ «ጥቃቅንና አነስተኛ» ከሚለው ቀጥሎ የምናነበው «ኢንተርፕራይዝ»ም ከዚሁ ቤት ነው፤ ሥራን በእጅ መያዝ ማለት ነውና። «መረዳት» የሚባለው «ኮምፕሪሄንድ» ሳይቀር መነሻው «አጥብቆ መጨበጥ» ነው።

እዚህ ስንደርስ እቴቴ ምስራቸውን አስቀመጡ።

«ያዘ» ሲቆጠር

«እኛስ ጭብጡን ጨበጥኩ እንል የለም እንዴ?» አሉ እቴቴ።

ልጄ ዞር አለች። እውነት ነው፤ የንግግር ፍሬ ነገር በአማርኛ «ጭብጥ» ነው፤ በእጅ ከመጨበጥ የመጣ። ላቲኖች በሩቅ አገር ያሰቡትን የእኛም ሰዎች በራሳቸው መንገድ አስበውታል፤ መረዳት መያዝ ነው።

«እስቲ በይ ጻፊ» አሏት እቴቴ። «ያዘ ማለት ምንድን ነው?»

«በእጅ ያዘ።»

«በቃ? ታዲያ አጎትሽን ጉንፋን ሲይዘው በእጁ ነው የያዘው?»

ልጄ ሳቀች። እቴቴ መቁጠር ጀመሩ፤ ልጄ በደብተሯ ጀርባ ትጽፋለች። ዝናብ ያዘን። ታክሲ ያዝን። ሥራ ያዘኝ። እንቅልፍ ያዘኝ። ቀጠሮ ያዘ። ቂም ያዘ። ቦታ ያዢልኝ። ጾም ያዝን። ትዳር ያዘች። ላሚቱ ያዘች፤ አረገዘች ማለት ነው። ሂናው ያዘ። ችግኙ ሥር ያዘ። ማሰሮው አምስት ሊትር ይይዛል። ሌባው ተያዘ። ስልኩ ተይዟል። መንገዱን ይዞ ሄደ። ትምህርቷን በቃሏ ያዘች። የመጨረሻዋን እንግሊዞች «ጌት ባይ ሃርት» ይሏታል፤ እኛ በቃል እንይዛለን፣ እነሱ በልብ።

ሃያ ሦስት ላይ ስትደርስ እጇ ደከመ። እኔም ከጎን ስሞቹን ጨመርኩላት፤ ባንክ የሚጠይቀው «መያዣ»፣ የቤታችን ካርታ ላይ የተጻፈው «ይዞታ»። ሁሉም የ«ያዘ» ልጆች ናቸው።

ይህም ግሥ እንደ «ጌት» ትውልድ አለው። በግዕዝ «አኀዘ» ነው። ዘመዱ በዕብራይስጥም በዐረብኛም አለ። ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን «ውሰድ» ለማለት «ኹዝ» ሲሉ የሚጠሩት የዚያኑ ግሥ ትእዛዝ ነው።

ልጄ ዝርዝሯን አየች፣ ከዚያ የመምህሯን አሥር ዐረፍተ ነገሮች አየች። «እማ፣ እንግሊዝ አገር ያለ ልጅ አማርኛ ቢማርና ያዘን አንድ ብቻ ቢያደርገው እሱም ከአሥር ሁለት ያገኛል ማለት ነው?» አለችኝ።

እንዴታ! አባቷ ከማዶ ሆኖ የባሰውን ነገራት። «አለ ማለት ተናገረ ነው ብሎ የተማረ ፈረንጅ፣ ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ዝም አለ ሲባል ምን ይውጠዋል? ሰውዬው ዝም የሚል ቃል ተናገረ ሊል ነው!» እኛ «አለ»ን ከ«ብድግ» ጋር አጣምረን መነሣት እንደምንፈጥር፣ እንግሊዞችም «ጌት»ን ከ«አፕ» ጋር አጣምረው ያንኑ ይፈጥራሉ። «ኦፍ» ሲከተለው ከአውቶቡስ መውረድ ይሆናል፤ «አሎንግ» ሲከተለው ከሰው ጋር ተስማምቶ መኖር፤ «ኦቨር» ሲከተለው ከሕመም ወይም ከሐዘን ማገገም። ጥንዱ አዲስ ቃል ነው፤ ተለያይቶ አይተረጎምም።

ያን ማታ ልጄ ስምንቱን ስሕተቶች ያረመችው ከአያቷ ጋር ሆና ነው። እኔ የእንግሊዝኛውን ሁኔታ ለእቴቴ በአማርኛ እነግራለሁ፤ «አንድ ሰው ወደ ፀጉር አስተካካይ ሄዶ…» ስል እሳቸው ይቀበሉኛል፤ «ፀጉሩን ተቆረጠ ነዋ!» አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቁ አሮጊት የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ አሠሩ።

ወላጆች ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንችላለን?

ከእነዚያ ሁለት ሳምንታት የተማርነውን፣ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ እንዲህ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

ቃሉን ከጎረቤቱ ጋር ያስጠኑ። «ጌት ማለት አገኘ» ብሎ ማስሸምደድ ለጊዜው ይቀላል፤ በኋላ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ይልቅ ሙሉውን ሐረግ ያስይዙ፦ «ጌት ሜሪድ» ማለት ማግባት፣ «ጌት ሆም» ማለት ቤት መድረስ። ልጅ አማርኛንም የለመደው በሐረግ ነው፤ «ጉንፋን» ሲሰማ «ያዘኝ» ራሱ ይመጣል።

«ምን እየሆነ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ልጁ ከመተርጎሙ በፊት ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሁኔታ በራሱ አማርኛ ይንገርዎት። ሰውዬው ዕቃ ተቀበለ? ቦታ ደረሰ? ወይስ ከነበረበት ሁኔታ ተለወጠ? ለ«ጌት» እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙውን በር ይከፍታሉ።

አንድ ግሥ፣ አንድ ገጽ። በደብተር ላይ ለአንድ ትንሽ ግሥ አንድ ሙሉ ገጽ ይስጡ። አዲስ አገባብ በተገኘ ቁጥር ይጨመር። «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ራን»፣ «ሴት» እና «ሜክ» ለጅምር ይበቃሉ። በትይዩው ገጽ «ያዘ»፣ «መታ»፣ «ወጣ»፣ «ገባ» እና «በላ» ይግቡ። ዝገት ብረትን፣ ሌባ ገንዘብን እንዴት «እንደሚበላ» ልጅ ሲያስተውል የእንግሊዝኛው አያስደነግጠውም።

ስሕተቱን ሳትስቁበት ሳቁበት። «ወደ ላይ አግኝ» ያሥቃል። ነገር ግን ልጁ አብሮን እስኪስቅ እንጠብቅ። ስሕተቱ ያሰበ አእምሮ የሠራው ነው፤ ያወቀውን አንድ ሕግ ሁሉም ቦታ ሞክሮታል።

በቤት ያለውን ሰው አታስቀሩ። አያት፣ ሞግዚት፣ የጎረቤት እናት እንግሊዝኛ አለመቻላቸው ከትምህርቱ አያስወጣቸውም። ጠንካራ አማርኛ ያለው ልጅ አዲሱን ቋንቋ የሚሰቅልበት ግድግዳ አለው። ግድግዳው ከፈረሰ ምስማሩ የት ይመታል?

ለትምህርት ቤቱም ሄጄ ነበር። ስለ አንድ ብሩ ቅጣት ጠየቅሁ። «ውሳኔው የወላጆች ጉባኤ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ፊርማዬን አሳዩኝ። በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ እጄን አወጣለሁ። እንግሊዝኛው ይጠንክር፤ ግን አንድ ልጅ የአፉን ቋንቋ እንደ ጥፋት እየከፈለበት አይሁን እላለሁ። ስንቱ እንደሚስማማኝ አላውቅም።

ልጄ በተከታዩ ፈተና ከአሥር ሰባት አመጣች። ሦስቱን የሳተችው «ጌት» ላይ ሳይሆን «ቴክ» ላይ ነው፤ ስለዚህ ገና አንድ ገጽ ይጠብቀናል። ከትናንት በስቲያ ማታ ደግሞ መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። እቴቴ ስለ ጦጣና ስለ አንበሳ የጀመሩትን ተረት መሐል ላይ አቋርጠው፣ «ገባሽ?» አሏት።

«ገብቶኛል፤ ይቀጥሉ» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እቴቴ፣ ይህ ገባ የሚባለውስ ስንት ነው?» ስትል ሰማኋት።

እቴቴ ተረቱን ትተው መቁጠር ጀመሩ።